በብዕር ስም የወጡ 14 የአማርኛ መጣጥፎች የማን እንደሆኑ በቆጠራ ይለያል?

ብራና_ገላጭ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የብዕር ስም የታተሙ 14 መጣጥፎች አሉኝ። ሁሉም ከ1987 እስከ 1990 ዓ.ም. በአንድ ሳምንታዊ የግል ጋዜጣ ላይ የወጡ ናቸው። አጭሩ 700 ቃል፣ ረጅሙ 1,100 ቃል ነው፤ በድምሩ 12,600 ገደማ ይሆናሉ። የጸሐፊው ማንነት በሦስት ሰዎች ዙሪያ ይወራል። ስማቸውን ትቼ ሀ፣ ለ፣ መ ልበላቸው።

ሀ እዚያው ጋዜጣ ላይ በራሱ ስም 40 መጣጥፍ አለው። ለ በሌላ ጋዜጣ ላይ 22 መጣጥፍ አለው፤ አብዛኛው ስለ ኢኮኖሚ ነው። መ ግን ከአንድ ልብ ወለድና ከጥቂት አጫጭር ታሪኮች በቀር የታተመ ነገር የለውም።

እስካሁን የተሠራው ይህ ነው። የጋዜጣዎቹ ገጾች በስካነር ተነሥተው ቴሰራክት በተባለው ፕሮግራም ከምስል ወደ ጽሑፍ ተለውጠዋል። ከዚያ አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ የሚሠራውን ስታይሎ የተባለ ጥቅል ተጠቅሜ በ100 ተደጋጋሚ ቃላት የዛፍ ግራፍ (የሚመሳሰሉ ጽሑፎችን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሥዕል) አወጣሁ። 14ቱም ከሀ ጎን ተሰለፉ። ግን ውጤቱን ለማመን ይከብዳል፤ የተደጋጋሚ ቃላቱ ዝርዝር ገና 30ኛው ላይ ሳይደርስ «መንግሥት»፣ «ሕዝብ»፣ «ምርጫ» ማለት ይጀምራል። የተለየው ጸሐፊው ነው ወይስ ርእሰ ጉዳዩ?

ጥያቄዎቼ፦ ሞክሼ ሆሄያትን (እንደ ሠ እና ሰ ያሉትን) ወደ አንድ ላምጣቸው ወይስ እንዳሉ ልተዋቸው? በቃል መቁጠር ይሻላል ወይስ በፊደል ሰንሰለት (ጎን ለጎን በተከታተሉ ጥቂት ፊደላት)? አንድ መጣጥፍ ለብቻው ለመመርመር ይበቃል? «መ»ን በልብ ወለዱ ማወዳደርስ ይቻላል?

———

ሳድስ፦

ግራፉን ለጊዜው ያቆዩት። በአማርኛ ጽሑፍ ከዚህ ሥራ አብዛኛው ድካም ጽዳቱ ላይ ነው፤ ጽዳቱ ካልተስተካከለ ፕሮግራሙ የሚለየው ስካነርን ከስካነር ነው።

መጀመሪያ ኦሲአሩን፣ ማለትም ከምስል ወደ ጽሑፍ የተለወጠውን፣ ይፈትሹ። ከየመጣጥፉ 200 ቃል በዕጣ አውጥተው ከምስሉ ጋር ያስተያዩና ስሕተቱን ይቁጠሩ። ከ100 ቃል ከ2 በላይ ስሕተት ካለ ሁሉንም በእጅ ማረም ነው። 12,600 ቃል የሚያስፈራ አይደለም፤ ለአንድ ታይፒስት የጥቂት ቀን ሥራ ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ አከራካሪዎቹ በእጅ ታርመው የሀ እና የለ መጣጥፎች ከነስሕተታቸው ከቀሩ ልዩነቱ የጸሐፊ ሳይሆን የእርማት ይሆናል። ሁሉም በአንድ ወንፊት ይለፍ። በተለይ ለ እና ሰ፣ ነ እና ኑ የመሳሰሉትን በቅርጽ የሚቀራረቡ ሆሄያት ይጠርጥሩ። «ለ» ከቃል ፊት የሚቀጠል መስተዋድድ ስለሆነ አንድ ጊዜ ሲሳት የሚበላሸው አንድ ፊደል ብቻ አይደለም፤ ሊቆጥሩት የተነሡት ምልክት ራሱ ይጠፋል።

የመ ልብ ወለድ በኮምፒውተር ፋይል ከተገኘ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ዘመን የተጻፈ ሊሆን ይችላል። እነዚያ ፋይሎች ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ሆሄ አንድ ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው የዛሬው ሥርዓት) አይደሉም፤ ፊደሉ ከተነሣ የሚቀረው የላቲን ሆሄና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። መለወጫ ፕሮግራም ከተጠቀሙ በኋላ ዲቃላ ሆሄያቱን (ቋ፣ ጓ፣ ኳ፣ ሏ፣ ሟ) ለይተው ይቁጠሩ። አንዱ ከ5,000 ቃል ውስጥ አንዴም ካልታየ መለወጫው በልቶታል ማለት ነው።

ሥርዓተ ነጥብ፦ «፡፡» ተብሎ በሁለት ሁለት ነጥብ የተጻፈውን ሁሉ ወደ «።» ይለውጡ። ይህ በአማርኛ ፋይል ውስጥ እጅግ የተለመደው ጣጣ ነው፤ ዓረፍተ ነገር ቆጣሪውን ዝም ብሎ ያሳስተዋል። ቃል መለያ ሆኖ የገባውን «፡» ወደ ባዶ ቦታ ይቀይሩ። «ዓ.ም.»፣ «ዓ/ም»፣ «ት/ቤት»፣ «መ/ቤት» የመሳሰሉትን አንድ መልክ ያስይዟቸው፤ አለዚያ ነጥቡና እዝባሩ ቃሉን ሁለት ቦታ ይቆርጠዋል። ቃላቱን በአንድ ባዶ ቦታ ለይተው ከጨረሱ በኋላ ፕሮግራሙን «በባዶ ቦታ ብቻ ክፈል» ይበሉት፤ የራሱ የቃል መክፈያ ሕግ ለእኛ ፊደል ላይታሰብ ይችላል። ሠርቶ ሲጨርስ የሚያወጣውን የቃላት ዝርዝር ሳይከፍቱ ወደ ግራፍ አይሂዱ።

ሞክሼ ሆሄያትን በተመለከተ ሁለት ቅጂ ይያዙ። በአንዱ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይጠቃለሉ። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ በአማርኛ አንድ ድምፅ ስለሆኑ እነሱም ይቀላቀሉ፤ ጐ እና ጎ፣ ኰ እና ኮ፣ ቍ እና ቁ እንደዚሁ። ኸን ግን አይንኩት፤ «ይኸ» የሚል ሰውና «ይህ» የሚል ሰው ልዩነታቸው የሆሄ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ቅጂ እንደታተመ ይቆይ። ዋናው ቆጠራ በተጠቃለለው ቅጂ ይሠራል። «ሥራ» ወይስ «ስራ»፣ «ዓመት» ወይስ «አመት» የሚለው ምርጫ በ1980ዎቹ ጋዜጣ ውስጥ በአብዛኛው የታይፒስቷ ወይም የአራሚው ነው እንጂ የደራሲው አይደለም፤ ጽሑፉ የሚገባላቸው በእጅ ተጽፎ ነበር።

ለፊደል ሰንሰለት ደግሞ ሆሄውን ወደ ተነባቢና አናባቢ ይፍቱት። ሠንጠረዥ መሥራት አያስፈልግም። በዩኒኮድ ሀ ቁጥሩ 4608 ነው፤ እያንዳንዱ የፊደል ቤት 8 ቦታ ይይዛል። ከሆሄው ቁጥር 4608 ቀንሰው ለ8 ያካፍሉ፤ ድርሻው ቤቱን፣ ቀሪው ደግሞ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እርከኑን ይነግራል። ሙ 4633 ነው፤ 25 ለ8 ሲካፈል 3 ደርሶ 1 ይቀራል፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ በዜሮ ከጀመሩ 3 የመ ቤት ነው፣ 1 ካዕብ ነው። ቈ፣ ኈ፣ ኰ፣ ዀ፣ ጐ የራሳቸው ረድፍ ስላላቸው ለብቻ ይያዙ። ሳድስን ተነባቢ ብቻ አድርገው ይውሰዱት።

———

ቀለም_ቆጣሪ፦

ዝርዝሩ ቶሎ «መንግሥት» ላይ የደረሰበት ምክንያት ግልጽ ነው። እንግሊዝኛ መስተዋድዱንና መስተጻምሩን ለብቻው ይጽፋል፤ አማርኛ ከቃሉ ጋር ይሰፋዋል። «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «ስለ»፣ «እንደ»፣ «እየ» ከፊት፤ «ን»፣ «ም»፣ «ና»፣ «ስ»፣ «ማ»፣ «ኮ» ከኋላ። ጸሐፊን የሚያጋልጡት እነዚህ ሆነው ሳለ በቃል ቆጠራ ውስጥ ተደብቀዋል። ለብቻቸው የቀሩት «ነው»፣ «ነበር»፣ «ግን»፣ «ላይ»፣ «ውስጥ»፣ «ጋር»፣ «እንጂ»፣ «ደግሞ»፣ «ብቻ»፣ «ሁሉ»፣ «ወደ»፣ «ዘንድ» የመሳሰሉት ናቸው፤ እነሱ ካለቁ የሚከተለው ስም ነው።

ስለዚህ ቅጥያዎቹን ይነጥሏቸው። ሆርንሞርፎ የተባለው የማይክል ጋሰር የቃል ተንታኝ አማርኛ ይችላል፤ ነገር ግን ለአንድ ቃል ብዙ ፍቺ ሲሰጥ መምረጡ የእርስዎ ፈንታ ይሆናል። ቀላሉ መንገድ ሕግ ማውጣት ነው፦ ከ«የ፣ በ፣ ለ፣ ከ፣ ስለ፣ እንደ» አንዱ ሲነጠል የሚቀረው ክፍል በጠቅላላው ክምችት (በተሰበሰቡት ጽሑፎች ሁሉ) ውስጥ ለብቻው ቢያንስ 3 ጊዜ ከታየ ይለያል፤ ካልታየ ይተዋል። እንዲህ ከሆነ «ከተማ»፣ «በሬ»፣ «የካቲት»፣ «ለምለም» ከመሰንጠቅ ይድናሉ። «በላይ» እና «ለዛ» ግን በዚህም አያመልጡም፤ እንደነዚህ ያሉትን 50 ያህል ቃላት በዝርዝር ይዞ ከሕጉ ማስወጣት ነው።

የቆጠራው ጥንታዊ ምሳሌ የፌደራሊስት ጽሑፎች ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1787 እስከ 1788 አሜሪካ ውስጥ በአንድ የብዕር ስም ከወጡት 85 መጣጥፎች 12ቱን ፖለቲከኞቹ ሃሚልተንም ማዲሰንም የኔ ናቸው ብለው ነበር። የስታቲስቲክስ ምሁራኑ ሞስተለርና ዋላስ በ1964 ባሳተሙት ጥናት 12ቱም የማዲሰን መሆናቸውን አሳዩ። ትልቁን ሥራ የሠሩት ጥቃቅን ቃላት ናቸው፦ ሃሚልተን «አፖን» የሚለውን ቃል በ1,000 ቃል 3 ጊዜ ያህል ይጽፋል፣ ማዲሰን ግን በ5,000 ቃል አንዴ ቢጽፈው ነው። «ዋይል» እና «ዋይልስት» በሚሉት ሁለት ተመሳሳይ ቃላትም ይለያያሉ።

አማርኛም እንዲህ ባሉ ጥንዶች የታደለ ነው። «ወይም» ወይስ «ወይንም»፤ «በቀር» ወይስ «በስተቀር»፤ «እንዲሁም» ወይስ «እንደዚሁም»፤ «ይህ»፣ «ይኸ» ወይስ «ይሄ»፤ «እነዚህ»፣ «እነኚህ» ወይስ «እኒህ»፤ «ነገር ግን»፣ «ዳሩ ግን» ወይስ «ሆኖም»፤ ለብቻው የቆመ «እና» ወይስ የተቀጠለ «ና»። ከሁሉ የምወደው ግን መዋዋጡ ነው፦ «ለአገር» ወይስ «ላገር»፣ «ከአንድ» ወይስ «ካንድ»፣ «በአደባባይ» ወይስ «ባደባባይ»። እነዚህን በ1,000 ቃል አይቁጠሯቸው፤ ከጥንዱ ድምር ውስጥ የአንደኛውን ድርሻ ይውሰዱ። ርእሰ ጉዳይ የሚነካው ጥንዱ ስንት ጊዜ እንደመጣ ነው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደተመረጠ ብዙም አይነካም። የጥንዱ ድምር ከ20 በታች ከሆነ ግን መቶኛ ማውጣት ራስን ማታለል ነው።

ለተደጋጋሚ ቃላቱ የባሮውስ ዴልታ፣ ማለትም ሁለት ጽሑፎች በቃል አጠቃቀም ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካው ስሌት፣ ይበቃል። አሠራሩን በሁለት ቃል ላሳይ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው። «ግን» በክምችቱ ሁሉ በ1,000 ቃል በአማካይ 6 ጊዜ ቢመጣና መደበኛ ልይይቱ (ጽሑፎቹ ከአማካዩ የሚርቁበት ልክ) 2 ቢሆን፣ በአከራካሪው ጽሑፍ 9 ጊዜ ከመጣ ከአማካዩ ያለው ርቀት 9 ሲቀነስ 6፣ ለ2 ተካፍሎ 1.5 ነው። ሀ 8 ጊዜ ከጻፈው 1.0፣ ለ 4 ጊዜ ከጻፈው −1.0 ይሆናል። ልዩነቱ ከሀ 0.5፣ ከለ 2.5። «ነበር» አማካዩ 10፣ ልይይቱ 4 ይሁን፤ አከራካሪው 6፣ ሀ 4፣ ለ 14 ቢሆን ልዩነቱ ከሀ 0.5፣ ከለ 2.0 ነው። አማካዩ ሲወሰድ ዴልታ ከሀ 0.5፣ ከለ 2.25። ያነሰው ይቀርባል። ይኸው ነው፤ 200 ቃል ላይ ሲሆንም ሒሳቡ ያው ነው።

100 ላይ ብቻ አይቁሙ። 100፣ 150፣ 200፣ 250፣ 300 እያሉ ይሞክሩ፤ መልሱ በቁጥሩ ልክ የሚገለባበጥ ከሆነ መልስ አላገኙም። ከጽሑፎቹ ቢያንስ በ70 በመቶው ውስጥ የማይገኝ ቃል ይውጣ፤ «ምርጫ» እና «ግብር» በዚህ ወንፊት ይጣላሉ። የሰውና የቦታ ስም፣ ቁጥር፣ ተውላጠ ስም ይውጣ። «ነበር»ን በምሳሌዬ ብጠቀመውም በእውነተኛው ሥራ ይጠንቀቁት፤ ተራኪ ጽሑፍ ሁሉ ይወደዋል።

የፊደል ሰንሰለቱን በተፈታው ጽሑፍ ላይ በ4 ወይም በ5 ርዝመት ይቁጠሩ። ሳይፈቱ በሆሄ 3 ቢቆጥሩ የሆሄው ብዛት ከ200 ስለሚያልፍ አብዛኛው ሰንሰለት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ታይቶ ይቀራል። የቃል መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያሉትን ሰንሰለቶች ለብቻ መቁጠርም ጠቃሚ ነው፤ ቅጥያዎቹ የሚኖሩት እዚያ ነው፣ የቃሉ መሐል ግን የርእሰ ጉዳዩ ሰፈር ነው።

———

ጥርጣሬ፦

ከላይ ያሉት ሁለቱ የፃፉት ትክክል ነው፤ እኔ የምፈራው ግን የጥያቄውን አቀራረብ ነው። ወንድሜ፣ ለፕሮግራሙ ሶስት ሰው ብቻ ከሰጠኸው ከሶስቱ አንዱን የግድ ይመርጥልሃል። ትክክለኛው ፀሀፊ አራተኛ ሰው ቢሆን «ከነዚህ ማንም አይደለም» የሚል አፍ የለውም።

መድሀኒቱ አሳሳች ፀሀፊዎችን መጨመር ነው። በዚያው ዘመን፣ በዚያው አይነት መጣጥፍ የፃፉ ከ10 እስከ 20 ሌሎች ሰዎች ሰብስብ፤ ከየአንዳንዳቸው 5,000 ቃል ይበቃል። ከዚያ ስታይሎ ውስጥ ያለውን የኢምፖስተርስ ፈተና አሂድ። ስራው እንዲህ ነው፦ ከምልክቶቹ (ከሚቆጠሩት ቃላት ወይም ሰንሰለቶች) ግማሹን በእጣ ይመርጣል፣ ከአሳሳቾቹም የተወሰኑትን በእጣ ያወጣል፣ አከራካሪው ፅሁፍ ከእጩው ይልቅ ለአሳሳች ይቀርብ እንደሆነ ያያል። 100 ጊዜ ይደግመዋል። 93 ጊዜ እጩው ከቀረበ 0.93 ይላል። 0.5 ሲሆን ሳንቲም መወርወር ነው። መሀል ላይ «አይታወቅም» የሚባል ክልል አለ፤ ወሰኑን በግምት አታስቀምጠው፣ ባለቤታቸው የታወቀ ፅሁፎችህን እያስፈተነ የሚወስንልህ ተግባር እዚያው ጥቅሉ ውስጥ አለ።

በ2013 እ.ኤ.አ. ሮበርት ጋልብሬዝ በሚል የብዕር ስም የወጣው ልብ ወለድ የጄ. ኬ. ሮውሊንግ መሆኑ ሲጠረጠር ፅሁፉን የመረመረው ፓትሪክ ጁኦላም ሮውሊንግን ብቻዋን አላስፈተነም። ሌሎች ሶስት ሴት ልብ ወለድ ፀሀፊዎች አብረው ገቡ፤ ፈተናውም አራት ነበር፦ የቃል ርዝመት፣ 100 ተደጋጋሚ ቃላት፣ የአራት ፊደል ሰንሰለትና የጎን ለጎን ቃላት ጥንድ። አንዱ ፈተና ሲያመነታ ሌላው የሚለው ይታያል።

ርዝመቱን በተመለከተ ተመራማሪው ማቼይ ኤደር ባደረገው ሙከራ በዘመናዊ ቋንቋ ልብ ወለዶች ላይ አስተማማኝ ውጤት የሚገኘው በናሙና 5,000 ቃል አካባቢ ላይ ነው፤ ሁኔታው ሲመች ከዚያ ያነሰም ይሰራል። የአንተ አንድ መጣጥፍ 900 ቃል ነው። ለብቻው ምንም አይናገርም። ታዲያ 14ቱን አንድ ላይ ላድርጋቸው ካልክ ሌላ ወጥመድ አለ፦ የብዕር ስሙ የአንድ ሰው ላይሆን ይችላል። አንድ የብዕር ስም ዝግጅት ክፍሉ ውስጥ እየተቀባበሉ መጠቀም አዲስ ነገር አይደለም። ስለሆነም አስቀድመህ 14ቱን እርስ በርሳቸው አነፃፅር። በጊዜ ቅደም ተከተል ሶስት ሶስት እያደረግክ በ2,700 ቃል አካባቢ ናሙና ስራ፣ አንዱን እየጣልክ አንዱን እየጨመርክ ተንሸራተት። የሆነ ቦታ ላይ መስመሩ ከዘለለ እዚያ ጋ እጅ ተቀይሯል ማለት ይሆናል።

መን በልብ ወለድ ከመጣጥፍ ጋር ማወዳደር አይሆንም። በልብ ወለድ ውስጥ ንግግር አለ፤ «ኮ»፣ «ማ»፣ «እሺ»፣ «ምነው» የሚበዙት ገፀ ባህሪ ስለሚያወራ ነው። ንግግሩን በሙሉ ቆርጠህ ትረካውን ብቻ ብታስቀርም የትረካ «ነበር» ይቀርሃል። ማወቅ የምትችለው አንድ ነገር አለ፦ በሁለቱም ዘርፍ የፃፉ ሌሎች ሰዎችን ፈልገህ መጣጥፋቸው ከራሳቸው ልብ ወለድ ጋር ይገናኝ እንደሆነ ሞክር። ካልተገናኘ መ ከፈተናው ይውጣ፤ «አይደለም» ተብሎ ሳይሆን «አልተፈተነም» ተብሎ።

———

ብራና_ገላጭ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መጣጥፎቹ በእጅ ታርመዋል፤ ቅጥያው ተነጥሎ 12 አሳሳች ጸሐፊዎች ገብተዋል፤ 5ቱ ከዚያው ጋዜጣ፣ 7ቱ ከሌሎች። መን አስወጥቻለሁ። በኢምፖስተርስ ሀ 0.81፣ ለ 0.22 አገኘ። ያሳሰበኝ ሌላ ነው፦ ለሙከራ ከዚያው ጋዜጣ ያሉትን አሳሳቾች በዕጩነት ሳስገባቸው ሁለቱ 0.74 እና 0.69 አመጡ። በሌላ በኩል በማንሸራተቱ ሙከራ 9ኛውና 12ኛው ያሉባቸው ናሙናዎች ከሌሎቹ ይርቃሉ። ምን ልበል?

———

ሳድስ፦

የለዩት ጋዜጣውን ነው። 0.81 ከ0.74 ጋር ሲቆም ስለ ሀ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ «ይህ ጽሑፍ በዚህ አራሚ እጅ አልፏል» ብቻ ነው የሚለው። ለ ደግሞ ከሌላ ጋዜጣ ስለመጣ ገና ሲጀመር ተሸንፎ ነው የገባው።

እንዲህ ይሞክሩ። ከዚያው ጋዜጣ ያሉትን 6 ሰዎች (ሀን ጨምሮ) ለብቻ ይያዙ። ለእያንዳንዱ ምልክት ሁለት ነገር ያስሉ፦ በ6ቱ ሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት፣ እና ጋዜጣው በአጠቃላይ ከሌሎቹ ጋዜጦች ያለውን ልዩነት። ሁለተኛው ከበለጠ ምልክቱ የአራሚው ነው፤ ይጣል። ሥርዓተ ነጥብ፣ የዓረፍተ ነገር ርዝመት፣ «ወይም/ወይንም» እና ምናልባትም «ላገር/ለአገር» በዚህ ይወድቃሉ፤ አራሚ በአንድ ብዕር ሁሉንም አንድ መልክ የሚያስይዛቸው ናቸውና። ቀለም_ቆጣሪ እንዳይቀየሙኝ።

አራሚ ብዙም የማይነካው የዓረፍተ ነገሩ አጥንት ነው። ጸሐፊው ተቃራኒ ሐሳብ ሲያያይዝ «… እንጂ … አይደለም» ይላል ወይስ «… ሳይሆን … ነው»? ምክንያት ሲሰጥ «ስለ» ያስቀድማል ወይስ ዓረፍተ ነገሩን ዘግቶ «ምክንያቱም» ብሎ ይከፍታል? «ደግሞ» ከስሙ ቀጥሎ ይመጣል ወይስ በዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ? ቦዝ አንቀጽ ስንት ያከታትላል፤ «መጥቶ፣ አይቶ፣ ታዝቦ ተመለሰ» እያለ ሦስት አራት የሚደረድር ሰው አለ፣ ከአንድ የማያልፍም አለ። ይህን ማሽን በሚገባ አይቆጥረውም፤ በሳብዕ ያለቀ ሁሉ ቦዝ አይደለም፣ ዶሮም በሳብዕ ያልቃል። ለ14 መጣጥፍና ለንጽጽር ለሚሆኑ 30 ያህል በእጅ ምልክት ማድረግ ይቻላል። ምልክት የሚያደርገው ሰው የጽሑፉን ባለቤት ማወቅ የለበትም፤ ስሙን ሸፍነው ይስጡት።

———

ቅኔ_ቤት፦

ጣልቃ ልግባና፣ በዚህ ዘዴ የሐተታ ዘርዐ ያዕቆብን፣ የዚያን የግዕዝ የፍልስፍና ድርሰት፣ «ማን ጻፈው» ክርክር መፍታት አይቻልም?

———

ቀለም_ቆጣሪ፦

አልተቀየምኩም፤ «ላገር» ከወደቀ ይውደቅ።

ቅኔ_ቤት፣ እዚያ ያለው ችግር ከዚህኛው የባሰ ነው። የድርሰቱ ሁለቱም የእጅ ጽሑፍ ቅጂዎች እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ለብራና ሰብሳቢው ለአንቷን ዳባዲ የተላኩት በካፑቺኑ ሚስዮናዊ በጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በኩል ነው፤ ዛሬ ፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አሉ። ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ጸሐፊው ራሱ ጁስቶ ነው አለ፣ ሌላው ምሁር ሚትቮክ በ1934 ደገፈው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ክሎድ ሰምነር ደግሞ በ1970ዎቹ ዘርዐ ያዕቆብ ነው ብሎ ተከራከረ። አነጋገሩን ማነጻጸርም ከማስረጃዎቹ አንዱ ነበር።

ለቆጠራ ግን በግዕዝ፣ በተመሳሳይ ዘርፍ፣ የእጩው መሆኑ የማያጠራጥር ረጅም ጽሑፍ ያስፈልጋል። በጣሊያንኛ የተጻፈ ደብዳቤ ከግዕዝ ድርሰት ጋር በመስተዋድድ አይነጻጸርም። ከዚያ ደግሞ ድርሰቱ የመዝሙረ ዳዊትን ጥቅስ ይወዳል፤ ጥቅሶቹ አንድ በአንድ ተለቅመው ካልወጡ ዳዊትን ነው የምትቆጥረው። የሆሄ አጻጻፉም የገልባጩ ነው። ከሁሉ የሚቀለው ፈተና ውስጣዊው ነው፦ የዘርዐ ያዕቆብና የደቀ መዝሙሩ የወልደ ሕይወት ሐተታዎች የአንድ እጅ ናቸው ወይስ የሁለት? ሁለቱም በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ዘርፍ፣ በአንድ መንገድ የደረሱን ስለሆኑ ቢያንስ እርስ በርስ ይነጻጸራሉ። ቢለያዩም «ሁለት ሰው ጻፋቸው» አይባልም፤ አንድ ሰው ሆን ብሎ ድምፁን ሊለውጥ ይችላል።

———

ጥርጣሬ፦

ወደ ብራና_ገላጭ ልመለስ። 9ኛውንና 12ኛውን ከድምሩ አውጣና የቀሩትን 12ቱን ብቻቸውን እንደገና አስፈትን። ከዚያ ሁለቱን ክፈትና በአይንህ አንብባቸው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ግማሹ ከአዋጅ ወይም ከቃለ መጠይቅ የተወሰደ ጥቅስ ይሆናል፣ ወይም ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ። «ተብሎ ይታመናል»፣ «በዚህ ረገድ»፣ «ከዚህ አንፃር» ከሌሎቹ በላይ ከበዛባቸው ትርጉም ጠርጥር። ጥቅሱን ቆርጠህ የሚቀረው ከ500 ቃል በታች ከሆነ መጣጥፉን ለማንም አትስጠው።

ሪፖርቱ ላይ ደግሞ 0.81 ብለህ ብቻ አትፃፍ። ከጎኑ 0.74ን እና 0.69ን አስቀምጥ፤ ባለቤታቸው የታወቀ ስንት ፅሁፎች ፈትነህ ስንቱን እንደሳትክም ቁጥሩን አስገባ። የሀን 40 መጣጥፎች በሶስት በሶስት ከፍለህ አንዱን ክፍል በየተራ እያስቀረህ ብታስፈትን 13 ያህል ፈተና ታገኛለህ። ከ13ቱ 4ቱን ለራሱ ጋዜጣ ባልደረባ ከሰጠብህ፣ ሀን በዚህ ክምችት መለየት አይቻልም ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚያስፈልግህ ሀ በሌላ ጋዜጣ ላይ የፃፈው ነገር ነው፤ ሁለት ሶስት መጣጥፍ እንኳ ብታገኝ አራሚው ስለሚቀየር ብዙ ይነግርሀል።

———

ብራና_ገላጭ፦

12ኛው ግማሹ የአዋጅ ጥቅስ ነው፤ ሲቆረጥ 410 ቃል ብቻ ቀረው፣ አውጥቼዋለሁ። 9ኛው ግን ጥቅስም ትርጉምም አይመስልም። «እንጂ» አንድም ቦታ የለበትም፤ በሌሎቹ በእያንዳንዱ ውስጥ ከ4 እስከ 7 ጊዜ አለ።

———

ሳድስ፦

ርዝመቱ ስንት ነው? 900 ቃል አካባቢ ከሆነና ሌሎቹ በአማካይ 5 ካላቸው፣ በአጋጣሚ ዜሮ የመምጣቱ ዕድል ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም። ቢሆንም አንድ ቃል ነው፤ ከደርዘን ምልክት አንዱ እንዲህ ቢወጣ አይገርምም። «ሳይሆን»ን ይቁጠሩ። በ«እንጂ» ፋንታ «ሳይሆን» በዝቶ ካገኙት፣ ከ14ቱ ቢያንስ አንዱ የሌላ እጅ ነው ብለው የቀሩትን 12ቱን ለብቻ ይያዙ። «ሳይሆን»ም ከሌለው ግን መጣጥፉ ተቃራኒ ሐሳብ የሌለበት ዘገባ ነው፤ ያ ከሆነ የተለየው ዘርፉ ነው እንጂ እጁ ላይሆን ይችላል።